የጎረቤት «ኦ» እና የእኛ ታኅሣሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአውሮፓ ካሉት አጥቢያዎቻችን አንዳንዶቹ የራሳቸው ሕንፃ ስለሌላቸው በካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ እንደሚገለገሉ ታውቃላችሁ። እኛ ምሽት ላይ ነጠላችንን አጣፍተን ስንደርስ፣ ባለቤቶቹ የሠርክ ጸሎታቸውን ገና አልፈጸሙም ይሆናል። በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው። በአንድ የታኅሣሥ ምሽት እንዲህ ቆመን ሳለ ከወጣቶቻችን አንዱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «መምህር፣ ይህ በየማታው ‹ኦ› እያለ የሚጀምረው ዜማ ምንድን ነው? እኛስ እንዲህ ያለ አለን?» ሲል ጠየቀኝ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እዚያው ቆሜ መለስኩለት። ሁለተኛውን ግን «እንዴታ፣ አለን!» ብዬ ብቻ አለፍኩት። መልሴ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ምን እንዳለን አልነገርኩትም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው አጭርነቱ አሳፈረኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያን ዕዳ ለመክፈል ነው።

ከጎረቤቶቻችን እንጀምር። በላቲን ሥርዓት የሠርክ ጸሎት፣ እመቤታችን በኤልሳቤጥ ቤት ሳለች ያቀረበችው ምስጋና (ሉቃ. 1፥46-55) በየዕለቱ ይደርሳል። ከዚህ ምስጋና በፊትና በኋላ አጭር ዜማ ይዜማል፤ ዜማውም እንደ በዓሉና እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ከእነዚህ ሁሉ እጅግ የታወቁት በእነርሱ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 17 እስከ 23 ባሉት ሰባት ምሽቶች የሚዜሙት ናቸው። ሰባቱም «ኦ» በሚል የጥሪ ቃል ይጀምራሉ፤ ከዚያም ጌታችንን ነቢያት ባወጡለት ስም ይጠሩታል። በመጀመሪያው ምሽት ጥበብ፣ በሁለተኛው በቁጥቋጦው ነበልባል ለሙሴ የተገለጠው አዶናይ፣ በሦስተኛው የእሴይ ሥር፣ በአራተኛው የዳዊት መክፈቻ፣ በአምስተኛው የሚወጣው ብርሃን፣ በስድስተኛው የአሕዛብ ንጉሥ፣ በሰባተኛው አማኑኤል ይሉታል። ሁሉም የሚያደርሱት ወደ አንድ ልመና ነው፤ ና የሚል። በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሜትዙ ሊቅ አማላርዮስ ስለ እነዚህ ዜማዎች ትርጓሜ ጽፎ ስለነበር፣ ቢያንስ ከ1,100 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው እናውቃለን።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ዜማዎቹ ስለ እመቤታችን በቀጥታ አይናገሩም፤ የሚጠሩት ልጇን ነው። የሚዜሙት ግን በእርሷ ጸሎት ግራና ቀኝ ነው። የነቢያቱ ና የሚል ልመና በአንድ ወገን፣ እነሆ ተፈጸመ የምትለው የድንግል ምስጋና በመካከል ሆነው ይሰማሉ። ማንም በጆሮው የሚሰማ ሰው፣ መጽሐፍ ባይገልጥ እንኳ፣ ብሉይና ሐዲስ የት እንደሚገናኙ ይማራል። ይህን በሰባት ምሽት ማስተማር ቀላል ነገር አይደለም።

የጥንት መነኮሳት ደግሞ በሰባቱ ስሞች ውስጥ አንድ ነገር ሸሽገዋል ይባላል። የላቲኑን ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት ስትለቅሟቸው «ኤሮ ክራስ» የሚል ቃል ይወጣል፤ ነገ እገኛለሁ ማለት ነው። ሰባት ምሽት ና ሲሉት የቆዩት በሰባተኛው ላይ መልሱን አገኙ እንደማለት ነው። ቅኔ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ዓይነቱ ሰምና ወርቅ እንግዳ አይሆንብንም። በውጭ ሀገር ትምህርት ቤት የምትማሩ ልጆች በታኅሣሥ ወር በየአዳራሹና በየገበያው የምትሰሙት፣ ና አማኑኤል የሚለው የእንግሊዝኛ መዝሙርም የተወለደው ከእነዚሁ ዜማዎች ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ጆን ሜሰን ኒል የተባለ የእንግሊዝ ቄስ ሲሆን ያሳተመው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው።

ከሠርክ በኋላ በሚደርሰው የመኝታ ጸሎታቸው፣ እኛ ጸሎተ ንዋም በምንለው ሰዓት ማለት ነው፣ እንደ ወቅቱ የሚለዋወጡ አራት የእመቤታችን ዜማዎችም አሏቸው። አንዱ ከልደት በፊት ካለው የዝግጅት ወቅት እስከ የካቲት 2፣ ሁለተኛው ከዚያ እስከ ሰሙነ ሕማማት፣ ሦስተኛው ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ አራተኛው ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው የዝግጅት ወቅት ድረስ ይዜማሉ። ይህን ድልድል ከሮም በ1568 እ.ኤ.አ. የወጣው የጸሎት መጽሐፋቸው አጽንቶታል፤ በቅርቡ ዘመን ግን ከትንሣኤው በቀር ወቅቱን መጠበቅ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። አራተኛው «ሳልቬ ሬጂና» የሚባለው ነው። በ1492 ኮሎምበስ ባሕር ሲያቋርጥ መርከበኞቹ ምሽት ላይ እንደየችሎታቸው ይዘምሩት እንደነበር በዕለት ማስታወሻው ተጽፏል። ገዳማውያኑ ደግሞ፣ በተለይ ሲስተርሲያን የሚባሉት፣ መብራቱን ሁሉ አጥፍተው በእመቤታችን ሥዕል ፊት ብቻ ብርሃን ትተው በጨለማ ይዘምሩታል። መነኩሴው ያን ሰምቶ ሌላ ቃል ሳይናገር ወደ መኝታው ይሄዳል።

ይህን «ሳልቬ ሬጂና» ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። በስልካችሁ ከምትቀባበሏቸው አጫጭር ምስሎች መካከል፣ የእኛን የእመቤታችንን ሥዕል ወይም የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ አሳይተው ከበስተጀርባ የወንዶች የላቲን ዜማ የሚያሰሙ አሉ። አንዳንዱ ይኸው ዜማ ነው። ምስሉን ያዘጋጀው ወጣት ክፋት አላሰበም። «መንፈሳዊ ስሜት አለው» ብሎ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ይህ ቃል ነው። የቅዱስ ላሊበላ ሕንፃ የራሱ ድምፅ አጥቶ የሌላ ድምፅ ሲዋስ ማየት፣ ለእኔ በር ላይ ከቀረበልኝ ጥያቄ ጋር አንድ ነገር ነው።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ፈጣን መልስ አለ፤ ሁለቱንም አልወዳቸውም። አንደኛው «የእነርሱ ነው፣ ምን አገባን» የሚለው ነው። ይህ መልስ የሃይማኖት ጽናት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለማወቅ መሸፈኛ ነው። ከካቶሊካውያን የሚለየን የጉባኤ ኬልቄዶን ትምህርት እንጂ ኢሳይያስና ሚልክያስ አይደሉም። በ431 በኤፌሶን ድንግልን ወላዲተ አምላክ ብለው የጠሩት አባቶች የሁላችንም አባቶች ናቸው። ሁለተኛው መልስ «እነርሱ ሥርዓት አላቸው፣ ጸጥታ አላቸው፤ የእኛ ረጅም ነው፣ አይገባም» የሚለው ነው፤ ይህኛው ደግሞ ያልከፈቱትን ሣጥን ባዶ ነው እንደማለት ይቆጠራል። በማኅበራዊ ጸሎታቸው አንሳተፍም፤ ይህ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው፣ እኔም እጠብቀዋለሁ። በር ላይ በአክብሮት ቆሞ መስማትና ከዚያ ወደ ራስ ቤት ገብቶ መፈለግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እንፈልግ እንግዲህ።

የእነርሱ ሰባት ምሽቶች በእኛ አቆጣጠር መቼ እንደሚውሉ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? በአብዛኛው ዓመት ከታኅሣሥ 8 እስከ 14 ነው። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ያለው ደግሞ በቅዱስ ያሬድ ሥርዓት ሳምንተ ስብከት ይባላል። ጾመ ነቢያትን እየጾምን፣ ነቢያት ስለ ክርስቶስ መምጣት የሰበኩትን የምናስብበት ሳምንት ነው። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ሳምንት፣ እነርሱ በሠርክ የነቢያቱን ስም ሲጠሩ፣ እኛ በሌሊት የነቢያቱን ስብከት እንዘምራለን። ያ ወጣት ያንን ምሽት በር ላይ የቆመው ለዚሁ አገልግሎት ነበር፤ እርሱም አላወቀም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ከስብከት ቀጥሎ ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ኖላዊ ይመጣሉ። የሦስቱን እሑዶች ምስባክ በአንድነት አስቀምጣችሁ ተመልከቷቸው። በስብከት ዲያቆኑ የሚሰብከው ከመዝሙር 143 ነው፤ ነቢዩ ዳዊት እግዚአብሔር እጁን ከአርያም እንዲልክ ይለምናል። በብርሃን ከመዝሙር 42 ነው፤ ብርሃኑንና እውነቱን እንዲልክ ይለምናል። በኖላዊ ከመዝሙር 79 ነው፤ የእስራኤል እረኛ ሆይ ስማን ይላል። ላክ፣ ላክ፣ ስማን! ሊቃውንቱ እጅህን ማለት ወልድህን ማለት ነው ብለው ያመሠጥሩታል፤ ብርሃንህንም እንዲሁ። የላቲኑ ዜማ ወልድን ና ሲል፣ የእኛ ምስባክ አብን ልጅህን ላክ ይላል። ልመናው አንድ ሲሆን የተነገረበት መንገድ ግን የየራሱ ነው። ለእኔ የእኛው ይበልጥ ልብ ይነካል፤ ያደላሁ ብመስልም አልክድም። በመጀመሪያው ሳምንት የምንለምነው እጅ ነው፤ በጨለማ ውስጥ ያለ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው የሚይዘውን ነውና። ቀጥሎ ብርሃን ነው። በመጨረሻ ያ እጅና ያ ብርሃን እረኛ ሆኖ ይታያል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በቤተልሔም በመንጋቸው አጠገብ የሚያድሩት እረኞች ዜና ነው።

«ኦ» የምትለዋ ቃልስ? ግእዝ ለሚያውቅ ሰው እርሷም እንግዳ አይደለችም። በላቲን እንደሆነው በግእዝም የምንጠራውን አክብረንና ተማጽነን ስንጠራ ከስሙ በፊት «ኦ» እንላለን። በውዳሴ ማርያም፣ በቅዳሴ፣ በመልክአ መልክኡ ስንት ጊዜ እንደምትሰሟት ቁጠሩ። ያ ወጣት በካቶሊኮቹ አፍ የገረመችው ቃል በየዕለቱ በራሱ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ነበረች።

አሁን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝን ልንገራችሁ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ታገሡኝ።

ታኅሣሥ 22 በስንክሳራችን የሚታሰበውን ታውቃላችሁ። ብሥራተ ገብርኤል ነው፤ ከእርሱም ጋር የጥልጥልያው ኤጲስ ቆጶስ ደቅስዮስ ይታሰባል። ታሪኩን በተአምረ ማርያም ስትሰሙ አድጋችኋል። ደቅስዮስ እመቤታችንን እጅግ ይወድ ነበር፤ ተአምሯንም ሰብስቦ ጻፈ። የብሥራት በዓል የሚውልበት መጋቢት 29 በዐቢይ ጾም እየዋለ እንደሚገባ የሚከበር ባለመሆኑ፣ ከልደት አስቀድሞ በታኅሣሥ 22 እንዲከበር አደረገ። እመቤታችንም ተገልጣ ልብስና ወንበር ሰጠችው፤ ከእርሱ በቀር ማንም እንዳይለብሰውና እንዳይቀመጥበት አስጠነቀቀች። ከእርሱ በኋላ የተሾመው ኤጲስ ቆጶስ ግን ደፍሮ ለበሰው፣ ተቀመጠበትም፤ ወድቆም ሞተ።

ጥልጥልያ የት ነው? በእስፓንያ ያለችው የቶሌዶ ከተማ ናት። በ656 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ የተሰበሰበ ጉባኤ የብሥራት በዓል ከመጋቢት 25 ወደ ታኅሣሥ 18 እንዲዛወር ወስኗል፤ ምክንያቱም መጋቢት 25 በጾሙ ወይም በትንሣኤ በዓል ላይ እየዋለ ነው የሚል ነበር። ከጉባኤው ቀጥሎ ከ657 እስከ 667 በቶሌዶ መንበር የተቀመጠው ኢልደፎንሶስ ነው፤ ስለ እመቤታችን ዘለዓለማዊ ድንግልና መጽሐፍ ጽፏል፤ ድንግል ተገልጣ ልብስ እንደሰጠችውም በሀገሩ ይነገራል። ቆማበታለች ብለው የሚያከብሩት ድንጋይ ዛሬም በቶሌዶ ካቴድራል ውስጥ አለ። የታሪክ ሊቃውንት የእኛ ደቅስዮስና የእነርሱ ኢልደፎንሶስ አንድ ሰው ናቸው ይላሉ። ቀኑን ደግሞ እናንተው አስሉት። መጋቢት 25 በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር የእኛ መጋቢት 29 ነው፤ ታኅሣሥ 18 ደግሞ የእኛ ታኅሣሥ 22 ነው። አንድም ቀን አልሳተም። የ1582ቱ የሮም የቀን መቁጠሪያ ማሻሻያ በኋላ መጥቶ አራራቀን እንጂ፣ በዓሉ አንድ ነበር።

ይህ በዓል በእስፓንያ በሕዝቡ አንደበት ምን ተብሎ እንደሚጠራ ስሙ፤ «የኦ እመቤታችን» ይባላል። በዓሉ በእነዚያ የ«ኦ» ምሽቶች መካከል ስለሚውል፣ በሠርክ ጸሎት ላይ ከሚሰማው ከዚያ ረጅም «ኦ» ስሙን ወሰደ። በእስፓንያ «ማሪያ ዴ ላ ኦ» ተብለው የሚጠሩ ሴቶች አሉ። በሥዕሉም ድንግል ፅንሷን ይዛ፣ ልትወልድ ቀርባ ትታያለች።

እንግዲህ ያ ወጣት በር ላይ ቆሞ የሰማው «ኦ» እና በተአምረ ማርያም መጀመሪያ ላይ የሚያውቀው ደቅስዮስ በአንዲት ከተማና በአንድ በዓል ላይ ይገናኛሉ። ጥያቄው «እኛስ አለን?» የሚል ነበር፤ መልሱ «ከ600 ዓመት በፊት አባቶችህ ተርጉመው፣ አዚመው፣ በስንክሳር አስገብተው አስቀምጠውልሃል» የሚል መሆን ነበረበት።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይጠይቀኛል፤ «ቶሌዶ በ656 ማለት ከኬልቄዶን 200 ዓመት በኋላ አይደለምን? እንዴት አባቶቻችን ከዚያ ተቀበሉ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የማየው እንዲህ ነው። ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434-1468 እ.ኤ.አ.) በአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ አጸና፤ በሀገራችን የተደረጉ ተአምራትም ተጨመሩበት። ከመንገዱ ሁሉ ያለፈው ለድንግል የሚገባው ክብር ነው፤ የልዮን ጦማር ግን አልገባም። አባቶች በሁለት እጅ ነው የሠሩት፤ በአንዱ ተቀበሉ፣ በሌላው መለሱ። የተቀበሉትንም እንደመጣ አልተዉትም። በግእዝ ተናገረ፤ ማኅሌት ተቆመለት፤ የእኛ ሆነ። ዛሬ ታኅሣሥ 22ን የሚያከብር የጎጃም ገበሬ ቶሌዶን አያውቃትም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

ተቃራኒውንም ታሪክ እናውቃለን። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሮም ሃይማኖት በ1622 በንጉሡ አንደበት ታወጀ፤ ከዚያም ጥምቀቱና ክህነቱ እንደገና ይደረግ፣ በዓላቱ ይለወጡ ተባለ። ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ራሱ አዋጁን አንሥቶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። እንግዲህ ያው ምዕራብ ነው፤ አንድ ጊዜ በሊቃውንት እጅ፣ በትርጉምና በጸሎት መጣ፤ ሕዝቡም ወደደው። ሌላ ጊዜ በአዋጅና በጦር መጣ፤ ሕዝቡም ሞተበት።

የስልኩ ዜማ ከሁለቱ ወደ የትኛው ይቀርባል? ጦር የለበትም፤ ማንም አላስገደደም። ሊቅም ግን አልመረመረውም፤ ማንም አልተረጎመውም፤ ዘፋኙ የሚለውን ያዘጋጀውም የሚያየውም አያውቅም። በጆሮ ብቻ ገብቶ በቤታችን ሥዕል ላይ ተቀመጠ። ለዚህ ነው ውብ ዜማ መሆኑን እየመሰከርኩ፣ ከእኛ ሥዕል ጋር አታጣምሩት የምላችሁ። ዜማውን ንቄ አይደለም። እንዲያውም በጨለማ ቆመው በንጹሕ ልብ የሚዘምሩት መነኮሳት፣ ጸሎታቸው ለጌጥ መዋሉን ቢያዩ ከእኔ በላይ ያዝናሉ ብዬ አስባለሁ።

ተግሣጹ ለወጣቶች ብቻ እንዳይሆን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ለዓመታዊ በዓላችን አርባ መዝሙር እናስጠናለን፤ ልብስ እናሰፋለን፤ ከበሮ እናስጠግናለን። በሳምንተ ስብከት ከድጓው የሚዘመረውን መዝሙር ግን ከእነ ትርጉሙ የሚያውቅ ተማሪ አንድ ስንኳ አናፈራም። «ይህ የመሪጌቶች ነው» እንላለን። ቅዱስ ያሬድ ዓመቱን ከዮሐንስ እስከ ጳጉሜን በዜማ ከፍሎ ሲሠራ ለመሪጌቶች ብቻ አልሠራውም። የካቶሊኮቹ ሰባት ምሽቶች የሚያስቀኑኝ በውበታቸው አይደለም፤ ከእነርሱ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ ዜማ የለንም። የሚያስቀኑኝ በአጭርነታቸው ነው። አንድ ተራ ምእመን በአንድ ምሽት አንድ ስም ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በሰባተኛው ቀን ሰባት ስም አለው።

እኛስ ይህን ማድረግ ያቅተናል? በዚህ ዓመት በእኔ ክፍል እንዲህ ልናደርግ አስበናል። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ በሦስቱ ሳምንታት፣ ከትምህርት በኋላ ዐሥር ደቂቃ ብቻ፣ መብራቱን ቀንሰን፣ አንድ ጧፍ አብርተን፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና ጸሎተ እግዝእትነ ማርያምን እናደርሳለን። ቀጥሎ የሳምንቱን ምስባክ በዜማ እናጠናለን፤ ሦስት መስመር ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ትርጉሙን በአማርኛ፣ በውጭ ላደጉት ደግሞ በሚሰሙት ቋንቋ እንነግራቸዋለን። በሦስት ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ እጅ፣ ብርሃን፣ እረኛ የሚሉትን ሦስቱን ይዞ ወደ ልደት ይደርሳል። ሞክሩትና ጻፉልኝ። መሪጌታ ያላችሁ አጥቢያዎች አባታችሁን ለምኑ፤ ሲለመኑ ደስ እንደሚላቸው አይቻለሁ። መሪጌታ የሌላችሁ ድምፁን ከሀገር ቤት አስቀድታችሁ አስመጡ፤ ስልኩ ለዚህም ያገለግላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በውጭ ሀገር ለምትኖሩ፣ ታኅሣሥ 22 በአብዛኛው ዓመት የሚውለው በፈረንጆቹ ዓመት የመጨረሻ ዕለት፣ ታኅሣሥ 31 ነው። በዚያ ዕለት ምሽት ከተማው ሁሉ ርችት ይተኩሳል፤ ጓደኞቻችሁ ይጠሯችኋል። ማኅሌቱ የሚቆመው ግን አንድ ሌሊት ቀድሞ፣ በ21 ለ22 አጥቢያ ነው፤ ወርኃዊው የእመቤታችን በዓል ሲፈጸም የገብርኤል ይገባል። በዚያ ሌሊት ና በለኝ ላለው ለዚያ ወጣት አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ ስለ ደቅስዮስ የሚነበበውን ተአምር እርሱ ያነባል። «ጥልጥልያ» የሚለው ስም ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ እንደሚያየኝ እጠብቃለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።